የሀሊማ ሳል

መካነ ሰላም ውስጥ እህል የሚነግድ ሰው ተጠራጣሪ ቢሆን አይፈረድበትም። ከላይ የጠራ ስንዴ፣ ከሥር ግን አፈርና ጠጠር የተሞላ ጆንያ አንዴ የገዛ ነጋዴ ከዚያ ወዲያ የገዛ ወንድሙንም ጆንያ ሳይፈትሽ አይቀበልም። ጎረቤቴ አያ አራጌ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። መጋዘኑ ከሱቄ ፊት ለፊት ስለሆነ በየገበያው ቀን አየዋለሁ። ጫፉ የሾለ፣ መሃሉ እንደ ቦይ የተቦረቦረ ብረት አለው። በብረቱ የጆንያውን ጎን ወግቶ ከመሃል ስንዴ ያወጣል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ይወጋል፤ አሁንም ልቡ ካላመነ አፉን አስፈትቶ ክንዱን እስከ ብብቱ ይሰደዋል። ባለ እህሉ አጠገቡ ቆሞ «አያ አራጌ፣ ወላሂ ንጹህ ነው!» እያለ ይምላል። አያ አራጌ መሐላውን በጸጥታ ይሰማና እንደገና ይወጋል።

በሥራው አልነቅፈውም። ጥርጣሬው መጋዘን ውስጥ ቢቀር ኖሮ እኔም ብዕር አላነሳም ነበር። እሱ ግን መጋዘኑን ይቆልፍና ጥርጣሬውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዓመታት በፊት «ስኳር አለብህ» ሲባል አላመነም። ደጎሎ ሄዶ ተመረመረ፤ ስኳር ነው አሉት። ደሴ ወርዶ ተመረመረ፤ እዚያም ስኳር ነው ተባለ። «ስልክ ተደዋውለው ነው» አለ ለሚስቱ። ኪኒኑን መዋጥ የጀመረው ከስቶ ሱሪው ከወገቡ አልይዝ ሲለው ነው።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ሚስቱ ሀሊማ ፈቅዳልኝ ነው። እንዲያውም «ጻፈው፤ ሌላዋ ሴት እኔ የሠራሁትን እንዳትሠራ» ያለችኝ እሷ ናት። እኔም ስማቸውን ሳልደብቅ የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ድሮ እኛ ዘንድ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ለክትትል ሲሄድ ጣቱን ተወግቶ፣ መድኃኒቱን ተቀብሎ ይመለስ ነበር። በኋላ ግን በክትትል ክፍሉ የምትሠራው ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር መሰረት የምንላት፣ አዲስ ነገር አመጣች። «ጫማዎን ያውልቁ» ማለት ጀመረች። «ካልሲዎንም ጭምር።» ሰው ግራ ተጋባ። ስኳር የደም በሽታ ነው፤ እግር ምን አገባው? ደግሞም የእኛ ሰው እግሩን ለባዳ ሴት ገልጦ ማሳየት ያፍራል። ካልሲው የተቀደደ አለ፤ ጫማው ሲወልቅ ጎረቤት የሚያስነሳ አለ። ሲስተር መሰረት ግን ጓንቷን አጥልቃ፣ በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ተረከዙን፣ የጣቶቹን መሃል፣ ውስጥ እግሩን ታገላብጣለች። ከዚያ «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ሲነካዎት አዎ ይበሉኝ» ትልና አጭር እጀታ ላይ የተሰካ የናይለን ክር ታወጣለች። ክሩን ጎበጥ እስኪል ውስጥ እግር ላይ ጫን ታደርገዋለች። የተሰማው «አዎ» ይላል፤ ያልተሰማው ዝም ይላል።

ምርመራው ይኸው ነው። ስኳር ቀስ እያለ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ እግር ሚስማር ቢወጋው፣ ፍም ቢያቃጥለው አያውቅም። ሲስተር መሰረት የምትፈልገው ያንን እግር ነበር። እግራቸው የሚሰማቸውን «በዓመት እንገናኝ» ትላለች። እግራቸው የደነዘዘውንና ቁስል የጀመራቸውን ግን «ቶሎ ቶሎ ልያችሁ» ብላ በየወሩ ትቀጥራለች። ሰውም ወዲያው «የዓመት» እና «የወር» የሚል ስም አወጣ።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በደጎሎ መስመር አይሱዙ ይነዳ የነበረው ደሳለው «የወር» ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ከማሻ ወደ ልጇ ዘንድ የመጣችው አልታየች የምትባል ሴት «የወር» ተባለች፤ አውራ ጣቷ ተቆረጠ። ከክፍሉ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ ማለቴ እዚያ ላይ የሚቀመጠው ሰው፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች አገናኘና ፍርዱን ሰጠ፤ ሲስተሯ የሚቆረጠውን እግር እየመረጠች ነው አለ። ጃንጥላ በተዘረጋ ቁጥር ዝናብ ይዘንባልና ዝናቡን የሚያመጣው ጃንጥላው ነው እንደማለት ነው። ግን በጊዜው ማንም እንዲህ ብሎ አላሰበም። ሁሉም ፈርቶ ነበር።

የፈራ ሰው ደግሞ ዘዴ ይፈልጋል። አንድ ቀን አያ አራጌ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ከጎኑ ያሉት በሹክሹክታ ይመካከራሉ።

«ዝም ብሎ አዎ፣ አዎ ማለት ነው» አለ አንዱ።

«እሱማ ተነቃበት» አለች አጠገቡ ያለችው ሴት። «አንዳንዴ ክሩን ሳታስነካ አሁንስ? ትላለች። ሳትነካህ አዎ ካልክ ተያዝክ።»

«እና ምን ይሻላል?»

«እኔ እንጃ። ዓይኑ የተገለጠ ሰው ከጎንህ ሆኖ ካልጠቆመህ በቀር።»

አያ አራጌ የጋቢውን ጠርዝ እያሻሸ አዳመጠ። ተራው ሊደርስ ሲል «መጋዘን ሰው ይጠብቀኛል» ብሎ ተነስቶ ሄደ።

የሚፈራበት ምክንያት ነበረው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሲራመድ መሬቱ ጥጥ የተነጠፈበት ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ከመስጊድ ሲመለስ አንደኛው ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል። ያወቀው ደግሞ ቤት ገብቶ ሀሊማ «አንዱስ የት ሄደ?» ስትለው ነው። ጭቃ ያዘብኝ ብሎ አለፈው። የዚያን ዕለት ጭቃ አልነበረም።

በዚያው ቀን እራት ላይ ወሬውን አነሳው።

«ሀሊማ፣ የፊታችን ቀጠሮ አብረሽኝ ትመጫለሽ።»

«ምነው? አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ልጅቷ ክሯን እግሬ ላይ ስታሳርፍ ትስያለሽ።»

«ምን አደርጋለሁ?»

«ትስያለሽ! ኡሁ ማለት ነው። ስትነካኝ ኡሁ፣ ሳትነካኝ ዝም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አንቺን እሰማና አዎ እላለሁ።»

ሀሊማ እጇን ከማዕዱ መለሰች። «እግርህ አይሰማህም እንዴ?»

«ይሰማኛል! አንዳንዴ ነው የሚዘናጋው።»

«የሚሰማህ ከሆነ የኔ ሳል ምን ይሠራልሃል?»

«አንቺ ሴት፣ ደሳለውን አላየሽውም? በሁለት እግሩ ገብቶ በአንድ ወጣ። እስኪ ጠርጥሪ! የሰው እግር ካላገላበጥኩ የምትል ነርስ ከዚህ በፊት የት አየሽ? የሆነ ነገር አለበት። እኔ እግሬን ካጣሁ መጋዘኑን ማን ቆሞ ይሠራዋል? ፊርደውስ እንደሆነች ሪያድ ሰው ቤት ናት። ስትመለስ የምትገባበት ይሄው መጋዘን ነው።»

«ቢሆንም አታላይነት ነው እኮ።»

«ማታለል አይደለም። ራስን መጠበቅ ነው።»

ፊርደውስ አንድ ልጃቸው ናት። ስሟ ሲነሳ ሀሊማ ጉልበት ያንሳታል። ባሏ እግሩን አጥቶ ቤት ሲውል፣ ልጇ ደግሞ በዚያ ምክንያት ሰው አገር ስትቀር ታያት። እሺ አለች።

በቀጠሮው ቀን ሲስተር መሰረት በፈገግታ ተቀበለቻቸው። «እንዴት አደሩ ጋሽ አራጌ? እትዬ ሀሊማ፣ አብረው መምጣትዎ ደግ ነው። የእግር ነገር ቤት ውስጥ የሚያይ ሰው ይፈልጋል።» ሀሊማን ይህ አነጋገር አልጣማትም። ምን ለማለት ፈልጋ ነው በሚል ባሏን አየችው፤ እሱም «አየሽ አይደል?» በሚል ዓይን መለሰላት።

ዓይኑን ጨፈነ። ክሩ ከግራ አውራ ጣቱ ሥር አረፈ።

«ኡሁ» አለች ሀሊማ።

«አዎ» አለ አያ አራጌ።

ክሩ ትንሿ ጣት ሥር አረፈ። «ኡሁ»፤ «አዎ»። ሲስተር ክሩን አየር ላይ ይዛ «አሁንስ?» አለች። ሀሊማ ዝም፣ አያ አራጌም ዝም። በቀኝም በግራም እንዲሁ ሆነ። አንድም አልሳተ።

ሲስተር መሰረት ቀና ብላ አየችው። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ ውስጥ እግሩ ደርቆ ጠጥሯል። እንዲህ ያለውን እግር አብዛኛውን ጊዜ ደንዝዞ ነው የምታገኘው። አጮልቆ እያየ ይሆን ብላ ጠረጠረች። እሱ ግን ዓይኑን ጥርቅም አድርጎ ጨፍኗል። ሌላ የጠረጠረችው ነገር ደግሞ ነበር።

«እትዬ ሀሊማ፣ ይሄ ሳል ሰነበተብዎት?»

«ኧረ ብርድ ነው ልጄ።»

«እንዲህ ያለውን ሳል ዝም ብዬ አልሸኘውም። ሲወጡ አክታ ይሰጣሉ፤ ሳንባዎን እንፈትሻለን።»

ሲስተር መሰረት ጫማውን አነሳች። ፊርደውስ ከሪያድ የላከችው ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው፤ አፍንጫው የሾለ፣ ሶሉ የሳሳ። «ያምራል» አለች፤ «ግን ጣትዎን ይጨቁናል። ሰፋ ያለ፣ ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ ይፈልጉ። ሊያደርጉት ሲሉ ሁልጊዜ አራግፈው፣ እጅዎን ከተው ውስጡን ይዳስሱት። እግርዎን እሳት ላይ አያሙቁ። ቁስል ካዩ ትንሽ ናት ሳይሉ በዚያው ቀን ይምጡ። ሁሉም ቦታ ስለተሰማዎት ግን ቀጠሮዎ በዓመት ነው።»

ከክፍሉ ሲወጣ አያ አራጌ ደረቱን ነፍቶ አግዳሚው ላይ ላሉት «የዓመት ነኝ!» አለ። በሩን እንዳለፉ ደግሞ ወደ ሀሊማ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ሰማሻት? ሰፊ ጫማ ፈልግ ትለኛለች። ወንድሟ መናኸሪያው በር ላይ ጫማ ይሸጣል እኮ! ይሄው ነው ጉዳዩ» አላት። ሀሊማ የአክታ መስጫ ዕቃዋን በነጠላዋ ሸፍና «እኔን ግን ጉድ ሠራኸኝ» አለች። አያ አራጌ እስኪያነባ ሳቀ።

አዝመራው ተሰብስቦ ገበያው ደራ። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞላ። ከሠራተኞቹ አንዱ የጆንያ አፍ ሲሰፋ ትልቁ መርፌ ተሰበረበት፤ ጫፉ ገለባ ውስጥ ወድቆ ቀረ። አያ አራጌ ረገጠው። የሪያዱ ጫማ ሶል ስስ ነውና ብረቱ ሶሉን በስቶ ከአውራ ጣቱ ሥር ገባ። እሱ አላወቀም። ያን ሰሞን ፊት ለፊቴ ሲመላለስ አየው ነበር። ጆንያ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይከራከራል፤ አንድም ጊዜ አላነከሰም። በረገጠ ቁጥር ብረቱ ይወጋዋል፤ እሱ ግን የሰው ጆንያ ሥር አፈር ይፈልጋል።

የመካነ ሰላም ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ለዚህ ነው ሀሊማ የውዱውን፣ የሶላቱን መታጠቢያ ውሃ አሙቃ፣ በማንቆርቆሪያ ይዛ ራሷ የምታፈስለት። አያ አራጌ በቀን አምስት ጊዜ እግሩን ያጥባል። በእጁ አሸት ያደርገዋል እንጂ አገላብጦ አያየውም። አንድ ጠዋት ሀሊማ ስታፈስ ከእግሩ ሥር የሚወርደው ውሃ ቀላ።

«አራጌ፣ ደም ነው!»

«ቀይ አፈር ይሆናል።»

ጎንበስ ብላ እግሩን ወደ ራሷ ቀና አደረገችው። ከአውራ ጣቱ ሥር ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው አብጦ ቀልቷል። በጣቷ ጫን አለችው፤ መግል ወጣ።

«አያምህም?»

«ምንም።»

ያስደነገጣት ከቁስሉ ይልቅ ይህ መልሱ ነው። አሁኑኑ ክትትል ክፍሉ እንሂድ አለች። አያ አራጌ እጇን ያዘ። «ሀሊማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። እዚያ ከሄድን በመጋዝ ነው የምትቀበለኝ። ካፕሱል ፈትተሽ ዱቄቱን ነስንሺበት፤ ይደርቃል። ለሰው ትንፍሽ እንዳትይ።» እሷም ካፕሱል ፈትታ ነሰነሰች፣ በጨርቅ አሰረች።

መጋዘኑ ሲዘጋ ከተማው ሥራውን ጀመረ። ኮሽ ሲል የሰማ አገር ምድሩን ያዳርሳል። አንዱ «ደጎሎ ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ነው» አለ። ሌላው «በእህል ክምችት ሊጠይቁት ሲሉ ተሰውሮ ነው» አለ። ሀሊማ ሳሙና ልትገዛ ሱቄ ስትመጣ ጠየቅኋት፤ «ጉንፋን ይዞት ነው» አለችኝ። ዓይኗ ግን ያበጠ ነበር፤ እኔም ከሁለተኛዋ ሚስት ወሬ ጋር አገናኘሁት። እንዲህ ነን እንግዲህ። ሁሉንም ነገር እንጠረጥራለን፣ ልንጠረጥረው ከሚገባው በቀር።

ቁስሉ አልደረቀም። ሁለቱ ጣቶች ጠቆሩ፤ ቤቱ መሽተት ጀመረ፤ አያ አራጌን ያንቀጠቅጠው ገባ። ሀሊማ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የገዛ ሳሏ ጆሮዋ ላይ ይጮህባታል። ክሩ ያረፈበት ቦታ ሁሉ የተሰማት እሷ ናት። እሱ አንዱም አልተሰማውም። እንዲህ አሰበችና ነጠላዋን ደርባ ወጣች። በቀጥታ ሲስተር መሰረት ጋ መሄድ ፈርታ የደሳለውን በር አንኳኳች።

ደሳለው በምርኩዙ እየተደገፈ አብሯት መጣ፤ ገና ከደጅ ሽታውን አወቀው። ገብቶ ተቀመጠ።

«አሰላሙ አለይኩም አያ አራጌ» አለ። ክርስቲያን ቢሆንም ለአያ አራጌ ሰላምታው ሁልጊዜ ይሄው ነው።

«ወአለይኩም ሰላም። ደግ መጣህ ደሳለው። ለዚች ሴት ንገርልኝ እስኪ፤ እግርህን ማን አስቆረጠህ?»

ደሳለው ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋደመ። «እኔው ነኝ» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሲስተር መሰረት እግርህ ደንዝዟል፣ በየወሩ ና አለችኝ። መኪና ማን ይነዳልኛል ብዬ ቀረሁ። እግሬ በረደኝ እያልኩ ምድጃ ዳር አሞቀው ነበር፤ ተቃጥሎ ሲላጥ አላወቅሁም። ቅጠል እያሰርኩ ቤት ተደበቅሁ። እሷ ጋ ስደርስ አጥንቱ ይታይ ነበር።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው እሷ ናት ያስቆረጠችው ሲል...»

«ዝም አልኩ። ቂል ነበርኩ ከማለት ተበደልኩ ማለት ቀለለኝ። አልታየችን እይ። በተባለችበት ቀን ስለሄደች የሄደው አንድ ጣት ብቻ ነው፤ እግሯ አለ። በሁለት እግሯ አይደለም እንዴ ገበያ የምትወጣው?»

አያ አራጌ ከላብ ውስጥ ሆኖ አተኩሮ አየው። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ጆንያ ከመውጋቱ በፊት የሚያየው አስተያየት ነው። «ማን ልኮህ ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች ሀሊማ። «አራጌ፣ ዕድሜ ልክህን ጆንያ ስትወጋ አይቻለሁ። አትውጋብኝ እያለ የሚሟገትህ ማን ነው? ከሥሩ አፈር ያለበት ሰው አይደለም? አንተስ እግሬን አትንኪ ያልካት ለምንድነው? አፈር እንዳለበት ታውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ረዳሁህ። ከእንግዲህ አልረዳህም፤ ብትፈታኝም ፍታኝ።»

አያ አራጌ የታሰረ እግሩን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ባጃጅ ጥሪ» አለ።

ሲስተር መሰረት ጨርቁን ስትፈታ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ግን አልተቆጣችም። ቁስሉን አጥባ ስኳሩን ለካች። ቀጥላ «ምን ወጋዎት?» ስትል አያ አራጌ «ምንም የወጋኝ የለም» አለ። ሀሊማ ያንን የሪያድ ጫማ በፌስታል ይዛ መጥታ ነበር። ሲስተር ተቀበለቻትና እጇን ከተተች፤ ወዲያው መልሳ አወጣችው። የጓንቷ ጫፍ ተቀድዷል። ጫማውን ገልብጣ የመርፌውን ስባሪ በመቆንጠጫ ነቅላ ትሪው ላይ ጣለችው። ቅጭል የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ጋሽ አራጌ» አለች። «ባለፈው ያን ለስላሳ ክር ሁሉንም ቦታ ተሰማኝ ብለውኝ ነበር። ይሄ ብረት እንዴት ሳይሰማዎት ቀረ?»

አያ አራጌ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«የተሰማው እግሩ አይደለም፤ ጆሮው ነው» አለች ሀሊማ። «ስትነኪው እኔ ነበርኩ የምስለው።»

ሲስተር መሰረት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት በርጩማዋ ላይ ዝርፍጥ አለች። «እኔ እኮ... አክታሽን አስመርምሬሻለሁ» አለች፤ ማንቱታውንም ረሳችው። ልትስቅ ነበር፤ ግን አለቀሰች። «የወር የምላችሁ ልቆርጣችሁ መሰላችሁ? ቁስሉ የስንዴ ፍሬ ሳያክል እንዳገኘው ነው። እውነቱን ብትነግሩኝ በየወሩ አየው ነበር፤ ያን ጫማም አስጥለው ነበር። እኔ ዓይኔ ከእግራችሁ ውስጥ አይገባም። ያለኝ ይህ ክርና የእናንተ እውነት ብቻ ነው።»

በዚያው ቀን ወደ ደሴ ተላከ። የደሴ መንገድ ለጤነኛም ረጅም ነው። ሀሊማ በየኩርባው እግሩን ታቅፋ ሄደች፤ እግሩ ጨርሶ የሚወሰድ መስሏት በልቧ ተሰናብታዋለች። ሐኪሞቹ ሁለት ጣት ቆረጡ፤ እግሩን አተረፉት። «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ከጉልበት በታች ነበር» አሏቸው። ፊርደውስ ከሪያድ ደውላ ያንን ጫማ በመላኳ ስታለቅስ፣ አያ አራጌ «አብሽሪ ልጄ፤ ጫማው ምን አደረገ፣ ውስጡን ዳስስ ተብዬ ነበር» አላት። ጥፋቱን ከሌላ ሰው ላይ አንስቶ ራሱ ላይ ሲያደርግ ሀሊማ ያየችው ያን ቀን ነው።

ወገኖቼ፣ መጠርጠር ጥሩ ነው፤ እኔም ነጋዴ ነኝና አልተወውም። ግን ጥርጣሬያችሁን ቦታውን አስይዙት። ስኳር ካለባችሁ የማያምማችሁን እግር ጠርጥሩ። ጫማችሁን ጠርጥሩ፤ ሳታራግፉና ሳትዳስሱ አታድርጉት። የምታሞቁትን ውሃ፣ የምትሞቁትን እሳት ጠርጥሩ። ውስጥ እግራችሁን በየቀኑ እዩ፤ ማጎንበስ ካቃታችሁ የቤታችሁ ሰው ይይላችሁ። ነርስ «እግርዎን ልየው» ስትል ግን ካልሲያችሁ ቢቀደድም አውልቁላት፤ ስትጠይቅም የተሰማችሁን ብቻ ንገሯት። እናንተም ባሎቻችሁን፣ ሚስቶቻችሁን የምትወዱ፣ ፍቅራችሁ ለሕመማቸው መደበቂያ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

አያ አራጌ ዛሬ ሰፊ፣ ሶሉ ወፍራም ጫማ ያደርጋል። በነገራችን ላይ የሲስተር መሰረት ወንድም መናኸሪያው በር ላይ የሚሸጠው ባትሪና የስልክ ሽፋን ነው፤ ጫማ ሸጦ አያውቅም። አያ አራጌ በየጠዋቱ መጋዘን ደጃፍ ቁጭ ብሎ ጫማውን ድንጋይ ላይ ያራግፋል፤ ከዚያ እጁን እስከ አንጓው ይሰደዋል። ገበሬዎቹ «አያ አራጌ ዛሬ ጫማ መግዛት ጀመረ» እያሉ ያሾፉበታል።

ባለፈው ቀጠሮው ሀሊማ እንደ ልማዷ አብራው ሄደች። ያን ሰሞን ጉንፋን ክፉኛ ይዟት ነበር። አግዳሚው ላይ ሁለት አዳዲስ ሕመምተኞች እየተንሾካሾኩ ስለ ክሩ ሲመካከሩ አያ አራጌ ጫማውን አውልቆ ጣቱ የጎደለ እግሩን መሃላቸው አኖረው። «እኔ የዓመት ነበርኩ» አላቸው።

ውስጥ ሲገቡ ሀሊማን ሳሉ ሊያፈነዳት ደረሰ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ለሲስተር በእጇ ምልክት ሰጠችና ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። አያ አራጌ ዓይኑን ጨፈነ። ክሩ ከቀሩት ጣቶች ሥር አረፈ። ዝም አለ። ወደ መሃል አለፈ። ዝም አለ። ተረከዙ ጥግ ሲደርስ «አዎ፣ ይቺን አገኘኋት» አለ። ሲስተር መሰረት ክሩን ወደ ሌላኛው እግሩ ወስዳ አውራ ጣቱ ላይ ጫን እንዳደረገችው፣ ከበሩ ውጭ ሀሊማ በኃይል ሳለች።

ሲስተር መሰረት እጇን ሳታነሳ ቀና ብላ አየችው። ጠበቀችው።

«አልተሰማኝም ልጄ» አለ አያ አራጌ ዓይኑን እንደጨፈነ። «የዛሬው ሳል የራሷ ነው።»